ላሟ ረጅም ነገር እንዳታይ

የኔን ላም አይቶ «ጥጃይቱ አማረች፣ እናቲቱስ የታለች?» ያላለኝ እንግዳ የለም። እናቲቱ እሷው ናት። ዳልቻ ናት፣ አመድ የመሰለች፤ ጀርባዋ ደረቴ ላይ አይደርስም፣ የኔ ደረት ደግሞ የት ላይ እንደሚገኝ አገር ያውቀዋል። ሳልባት በርጩማ ላይ እንኳ መቀመጥ አልችልም፣ በርጩማው ይረዝምብኛል። መሬት ላይ እግሬን ዘርግቼ፣ ጮጮዬን ጭኔ መሃል አድርጌ ነው የማልባት። ከሩቅ ላየን ሰው ሁለት ሕፃናት እቃቃ የሚጫወቱ ነው የምንመስለው ይላል ባለቤቴ።

ግን እንዳትንቋት። ስዳር አባቴ ከሰጠኝ ላም የወረደች ናት፤ የልጅ ልጅ እየተባለ ስንተኛዋ እንደሆነች እንጃ። እናቷም ይችው ነበረች፣ አያቷም ይችው። በሚያዝያ የሰው ከብት አጥንቱ ተቆጥሮ፣ በጅራቱ ተደግፎ ሲነሳ፣ የኔዋ በድንጋይ መሃል ስትለቅም ውላ ሆዷን ነፍታ ትገባለች። ወተቷ ጠዋት አንድ ጮጮ ነው፣ ማታ ግማሽ። ከዚያ ዘር የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ አንዷን በሽታ ወሰዳት፣ አንዷን ገደል፣ አንዷን ደግሞ የልጄ ሰርግ። ይኼን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ «አሮጊቷ አብዳለች» እንዳትሉ ብዬ ነው።

ባለቤቴ ረጅም ነው። የቤታችንን ጉበን የሚያውቀው በግንባሩ ነው፤ ይኼን ሁሉ ዘመን ሲገጨው ኖሮ አንድ ቀን ጎንበስ ማለትን አልለመደም። ወሬም አያበዛም። «ያንቺው ለሁለታችን ይበቃል» ይለኛል።

አጥር የምንጋራት ደግሞ አበልጄ ናት፣ ሁለተኛውን ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ። ስንጣላም ስንታረቅም ነው ያረጀነው። ልጇ ከደብረ ማርቆስ አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም አመጣላት። ላም አትበሏት፣ ጎተራ ናት። ስትራመድ መሬቱ ያውቃታል። ወተቷን በባልዲ ነው የሚቀበሏት። አበልጄ ያቺ ላም ከመጣች ጀምሮ አረማመዷም ተለወጠ፣ እሷም እንደ ላሟ ሆነች።

አንድ ጠዋት ወንዝ ወርደን ከብት እናጠጣለን። ላሜም ፍየሌም ጎን ለጎን ቆመው ይጠጣሉ። አበልጄ ቆም ብላ አየቻቸው፣ አየቻቸውና፦

«አበልጅ፣ በሞቴ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ።

«ጠይቂ።»

«ጺም ያላት ፍየሏ ናት አይደል? ከነገሩ ሌላ መለያ አጣሁ እኮ።»

ወንዝ የወረደው ሁሉ ሳቀ። አንዲት እንስራዋን አዝላ የነበረች ልጅ ውሃዋን እስክታፈስ ድረስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላርግ። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ላሜን አላየኋትም፤ እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ትከሻዬን በአፏ እየነካች ተከተለችኝ።

ማታውን ለባለቤቴ «የኔም ላም ከትልቅ ኮርማ ትወልዳለች» አልሁት።

«ከየት አምጥተሽ?» አለ።

ከወረዳው የሚመጣ፣ ላም የሚያዳቅል ባለሙያ እንዳለ ሰምቼ ነበር። ይቺ አሁን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ በስልክ አገኘችልኝ። ባለሙያውም «ላሟ ኮርማ ስትፈልግ በዚያው ቀን ደውሉልኝ፣ የውጭ አገር ኮርማ አለ፣ ይዤ እመጣለሁ» አለ። ይዤ እመጣለሁ ነው ያለው፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ላሜ ስታገሣ አደረች። ኮርማ ፈለገች ማለት ነው። ተደወለ። «በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ» አለ።

እንግዲህ አስቡት፤ ያን የሚያህል የፈረንጅ ኮርማ በኛ በር እንዴት ይገባል? በራችን ባለቤቴ እንኳ በጎን የሚገባባት ናት።

«ተነስ» አልሁት ባለቤቴን፣ «አጥሩን ክፈት።»

«ምን ያህል?»

«የአበልጄን ላም አይተሃታል? ከዚያም ሰፋ አርገው።»

ሁለት ቋሚ ነቀለ፣ ከሥሩ የነበረውን ካብ አፈረሰ፣ እሾሁን ጎተተ። እኔ ደግሞ ግቢውን ጠረግሁ፣ ለኮርማው በገበቴ አተላ አቀረብሁ፣ ከጓሮ ያጨድሁትን ለምለም ሣር ጎዘጎዝሁ። ከሩቅ አገር የመጣ አይደል፣ እንግዳ ነው። አበልጄ አጥሩ ላይ ክንዷን ደግፋ ዝም ብላ ታየን ነበር። ታውቅ ኖሯል! ይቺ የምትጽፈውም ታውቅ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «እምዬ፣ መች ጠየቅሽኝ» ነው መልሷ። እሱንም ጻፊው።

በሦስት ሰዓት ሞተር ሳይክል መጣ። አንድ ቀጭን ልጅ ነው፣ ከኋላው ትልቅ ፔርሙዝ የመሰለ ነገር አስሯል። በሰፊው በር ገባ። እኔ ከኋላው መንገዱን አየሁ፤ አቧራው ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ እናቴ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ኮርማው የታል ልጄ? ከኋላ በእግሩ እየመጣ ነው?»

«እዚሁ ነው እናቴ።»

«የት?»

ፔርሙዙን መታ መታ አደረገው። «እዚህ ውስጥ።»

አበልጄ አጥሩን ለቃ ጀርባዋን ሰጠችን፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ዶማውን እንደያዘ የነቀለውን ቋሚ አየ፣ ያፈረሰውን ካብ አየ፣ ፔርሙዙን አየ።

«እኔ ለማን ነው ይኼን ያፈረስሁት?» አለ። በዓመት አንዴ ነው እንደዚህ ረጅም የሚናገረው።

ልጁ ክዳኑን ሲከፍተው ጭስ ወጣ። «በስመ አብ!» አልሁ። ጭስ ነው ግን አይሞቅም፣ እንዲያውም ከውርጭ ይበርዳል። ከውስጡ ከስንደዶ የምትቀጥን ነገር አወጣ። አንድ ኮርማ ሙሉውን፣ ከነቀንዱ ከነሻኛው፣ በስንደዶ! ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ስጡኝ አለ። መንገደኛ ነው፣ እግሩን ሊታጠብ ነው ብዬ በገበቴ አቀረብሁለት። ለካ ስንደዶዋን ሊያሞቅባት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ጥፋቴን የሠራሁባት ነገር አለች። ልጁ ላሜን ዞር ዞር ብሎ አየና፦

«እናቴ፣ ሁለት ዓይነት ነው የያዝሁት» አለኝ። «አንደኛው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ግዙፉ፣ ወተቱ የሚበዛው። ሁለተኛው ቡላ ነው፣ አነስ ያለ፣ ወተቱ ቅቤ የሚወጣው። ለላምዎ...»

አበልጄ ከአጥሩ ማዶ «ለዚያች ላም እንኳ ትንሹም ይበዛባታል!» ብላ ጮኸች።

እኔም ልጁን ሳላስጨርሰው «ትልቁን!» አልሁ።

ልጁ ላሟን አየ። እኔን አየ። ባለቤቴን ከእግር እስከ ራሱ አየ። «እሺ እናቴ» አለና እስከ ብብቱ የሚደርስ ጓንት አጠለቀ። እኔ ፊቴን አዞርሁ። ለኔ ብቻ ሳይሆን ለላሟም አፈርሁላት።

ሲጨርስ እጁን እየታጠበ «እንግዲህ ከያዘች የሚወለደው ዲቃላ ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ በዚህ ቤት ዲቃላ ተወልዶ አያውቅም» አልሁት።

ባለቤቴ ሳል ያዘው። ልጁ ደንግጦ «የተሻሻለ ዝርያ ማለቴ ነው» አለ። «እንዲያ በል» አልሁት፣ ለኮርማው የቀረበውን አተላ ለራሷ ለላሜ ሰጠኋት፣ ልጁን ጠላ አጠጣሁት።

ላሜ ያዘች። ድጋሚ ኮርማ አልፈለገችም። እኔም አፌን አልያዝሁም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ «ስለ ላሜ ሰማችሁ?» እላለሁ። ያልሰማውን አሰማዋለሁ፣ የሰማውን እደግምለታለሁ። ባለቤቴ አጥሩን መልሼ ልዝጋ ሲለኝ «ተው፣ ጥጃው ሲያድግ በየት ሊወጣ ነው?» አልሁት። በዚያ ቀዳዳ የመንደሩ ፍየልና በግ ሁሉ ጓሮዬ ገብቶ ጎመኔን ጨረሰው፤ እኔ ግን ምን ገዶኝ።

ጥር ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። አበልጄ እሳት ልትጭር መጥታ ቁጭ አለች። ስታወራ እንደ ዋዛ ነው።

«በደብረ ኤልያስ በኩል ያለችው እህቴ ጎረቤት አለቻት» አለችኝ። «ላሟ እንዳንቺዋ ትንሽዬ ናት። ለትልቁ ኮርማ አስያዘቻት። ጥጃው መውጫ አጣ አሉሽ። ስድስት ወንድ በገመድ ጎተተው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ከዚያስ አለው። ቆዳዋን ሸጡ።»

እሳቷን ይዛ ሄደች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

ያንን ነገር አውቀዋለኋ። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ አማቴ ሆዴን እያየች «ልጅቱ ማሰሮ ናት፣ የልጄ ዘር ደግሞ ጋን ነው» ትል ነበር፣ እኔ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ። ሦስት ቀን ነው ያማጥሁት። በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ እኔን ማናገር ትተው እርስ በእርሳቸው ብቻ መንሾካሾክ ጀመሩ። ያንን የሰማ ሰው አይረሳውም። ልጁም ወጣ፣ እኔም ተረፍሁ፣ ማርያም ትመስገን። እኔ ግን ባሌን አይቼ ወድጄ ነው የገባሁበት። ላሜ ማንን አየች? ስንደዶ። የመረጥሁላት እኔ ነኝ፣ ያውም ለአበልጄ ጆሮ ብዬ። ሄጄ በረት ውስጥ አንገቷን አቀፍሁና «ምን አርጌሽ ነው» አልኋት። ጆሮዬን ላሰችኝ።

የነፍስ አባቴ ጋ ሄድሁ።

«አባታችን፣ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ትልቅ የነበረው ትንሽ ይሆናል?» አልኋቸው።

«የማን ሆድ ነው?»

«የላም።»

«ለላም መጸለይ አልተከለከለም» ብለው አሳለሙኝ።

በዚያው ሰሞን እሑድ ሲያስተምሩ፣ ድሮ አንድ አባት በጎቹ ውሃ ሲጠጡ ፊት ለፊታቸው የተላጠ ዝንጉርጉር በትር እንዳቆመ፣ በጎቹም ያንን እያዩ ዝንጉርጉር እንደወለዱ ተናገሩ። ስብከቱ ስለምን እንደነበር እንጃ፣ ስለ ትዕግሥት ይመስለኛል። እኔ የሰማሁት በጎቹን ብቻ ነው። ደግሞስ እርጉዝ ሴት ዝንጀሮ እንዳታይ ይባል የለም? ያየችውን ትወልዳለች። እንግዲህ ላሜም ትንሽ ነገር ካየች ትንሽ ትወልዳለች! ባለቤቴን በክርኔ መታሁት። እሱ ለካ ቆሞ ተኝቷል።

ከማግስቱ ጀምሮ ፍየሌን ከውሃ ገንዳው ማዶ፣ በላሜ ፊት ለፊት አሰርኋት። ፍየሌ ከፍየልም ግማሽ ናት። ላሜ ስትጠጣ ፍየሏን ታያለች፣ ፉርሽካ ስትበላ ፍየሏን ታያለች። ፍየሏም አየቻት፣ ግን አይታ ብቻ አልቀረች፤ ገመዷን አስረዝማ ፉርሽካውን መካፈል ጀመረች። በሁለት ወር ውስጥ ወፍራ ወፍራ ድቡልቡል ሆነች። ትንሽ ነገር አሳያታለሁ ስል ትንሹ ነገር ትልቅ ሆነብኝ።

ትልቅ ነገር ከፊቷ ማራቅም አለ። ባሕር ዛፉን እንዳታይ ጅራቷን ወደ ዛፉ አድርጌ አሰርኋት። የአበልጄ ላም በመንገድ ስታልፍ ሮጬ ነጠላዬን ዘርግቼ እጋርዳታለሁ። ቀረ ባለቤቴ።

«ስማኝ» አልሁት፣ «ከዛሬ ጀምሮ በረት ስትገባ ጎንበስ ብለህ ነው።»

«ለምን?»

«ላሟ ረጅም ነገር እንዳታይ።»

አየኝ። ብዙ አየኝ። «እስከ መቼ?» አለ።

«እስክትወልድ።»

እግዚአብሔር ይስጠው፣ አልተከራከረኝም። ሦስት ቀን ያማጥሁ ጊዜ ደጅ ቆሞ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። ጭዱን ሲያቀርብ፣ እበቱን ሲዝቅ፣ በትሩን ተመርኩዞ እጥፍ ብሎ ነው። አንዳንዴ ረስቶ ቀና ሲል «ኧረግ! ላሟ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ ተመልሶ እጥፍ ይላል።

አበልጄ አጥሩ ላይ ሆና አየችው። «አበልጅ፣ ሰውየውን ወገቡን ምን ነካው? ጸበል ውሰጂው እንጂ።»

«ትሕትና ነው» አልኋት።

ግን አንድ በጎ ነገር ሆነ። ጎንበስ ማለትን ለመደና የቤቱን ጉበን መግጨት ተወ። ግንባሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳነ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሐምሌ ደረሰ። የሥላሴ ዕለት ጠዋት ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ላሜ አልበላም አለች። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ወደ ጎኗ ዞራ ሆዷን ታያለች። ደረሰ።

ለዚያ ለአዳቃዩ ልጅ ተደወለ። «መንገዱ ለሞተር አይሆንም፣ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ፣ እስክደርስ እንዳትጎትቱ!» አለ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ዝናቡን ሽሽት እየመሰለ በሰፊው በሬ ገብቶ በረቱ ደጃፍ ተደረደረ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ያወራሁት ነገር ነው፣ ማን ይቀራል? አበልጄም አለች፤ ዛሬ ግን አትስቅም። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ቆማለች።

እኔ ከራሷ በኩል ተቀመጥሁ። ዐይኗ ይንከራተታል። «አይዞሽ እናቴ» እላታለሁ፣ «እኔም ወጥቼበታለሁ፣ አይዞሽ።» አማጠች። ምንም የለም። ደግማ አማጠች። ሁለት ኮቴ ታየ፣ ቆመ። ዞር ስል ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ። ያንን መንሾካሾክ አወቅሁት። «ማንም እንዳይንሾካሾክ!» ብዬ ጮህሁ፣ «የምትሉት ካለ ለሷ ንገሯት!» ጊዜም አልወሰደባቸው፣ ሁሉም በአንድ አፍ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ማለት ያዙ። አገሩ ሁሉ ላም ሲያጽናና ያየሁት ያን ቀን ነው።

ባለቤቴ ገመድ ይዞ መጣ፤ ምናልባት ጎትቱ ቢባል ብሎ ነው። ተጨንቋልና ረሳው፤ ጭንቅላቱ ጣሪያ እየነካ፣ ቀጥ ብሎ ገባ።

«ጎንበስ በል!» አልሁ ባለኝ ድምፅ።

ሰውየው በዚያ ድንጋጤ ጎንበስ አይደለም፣ በጉልበቱ እበቱ ላይ ዱብ አለ። እሱ ዱብ ሲል ላሜ አንድ ጊዜ በኃይል አማጠችና ጥጃው እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሎ ወጣ። ባለቤቴ ጭን ላይ።

ከዚያ ጥጃው አነጠሰ።

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ጥጃውን አላየሁም፣ ላሜን ነው ያየሁ። ተነፈሰች። ተነሳች። ዞረችና መላስ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣ። ሲበቃኝ ጊዜ ጥጃዋን አየሁ። ሴት ናት። ቡላ ናት፣ አፍንጫዋ ጥቁር፣ ዐይኗ የተኳለ፣ እግሯ እንደ ሚዳቋ ቀጭን። የድመት ታላቅ ነው የምታህለው።

«አበልጅ» አለች አበልጄ ቀስ ብላ፣ «የፈረንጁ ግዙፍ ይኼ ነው?»

ሰዉ ሊስቅ ሲል «ፍየሏ ናት!» አልሁ። «ፍየሏን አይታ ነው! እሰይ ፍየሌ!» ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ በትሩን፣ ገንዳውን፣ ባለቤቴ ለምን እንደሚጎነበስ። ሰዉ ተገረመ። አንዱ ሽማግሌ «የአባቶች ነገር እኮ እውነት ነው» አለ። ፍየሏን ሊያዩ ሄዱ።

በዚያ መሃል ያ ቀጭን ልጅ ደረሰ። እስከ አንገቱ ጭቃ ነው፣ አንድ ጫማው የለም። ላሟን አየ፣ ጥጃዋን አየና እዚያው ቁጭ አለ።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። «ትልቁን ብለውኝ ነበር። ላሟን ሳያት ግን እጄ እምቢ አለኝ። የትንሹን ነው ያደረግሁላት። ብነግርዎ ሰው ፊት ያፍራሉ ብዬ ዝም አልሁ።»

ይቺ የምትጽፈው ጀርሲ ይባላል ትለኛለች፣ የትንሹ ኮርማ ዘር። እኔ ስሙን ምላሴ አያነሳውም።

ላቅፈውም ፈለግሁ፣ በበርጩማ ልለውም ፈለግሁ። ዘጠኝ ወር! ፍየሏ የበላችው ፉርሽካ! ነጠላዬ ላይ የደረሰው ጭቃ! ባለቤቴ ግን ጥጃዋን ጭኑ ላይ እንዳስተኛ፣ ከመሬት ሆኖ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦

«እንግዲህ ቀና ልበል?»

ልጁን አስገብተን እግሩን አጠብንለት፣ ምሳ አበላነው። እሱም አስረዳኝ። ቁመት በአንድ ነገር አይመጣም አለ፤ ከአባትም ከእናትም የሚመጣ ብዙ ብዙ ጥቃቅን ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይታይም፣ ሲጠራቀም ነው ትልቅና ትንሽ የሚያደርግ። የእናቲቱ ማኅፀንም የራሱ ድርሻ አለው አለ።

«እንደ ጤፍ በለኛ» አልሁት። «አንዷ ፍሬ ብትወድቅ ማንም አያያት፣ ተሰብስባ ግን ቁናውን ትሞላለች። ግማሽ ቁናውን አባት ይሰፍራል፣ ግማሹን እናት።»

«እንደሱ ነው እናቴ» አለ። «እኔ እንዲህ አድርጌ አስረድቼው አላውቅም።»

ታዲያ ለዚህ ነዋ ከሰባቱ ልጆቼ አንዱ ባለቤቴን አክሎ፣ አንዷ እኔን አክላ፣ ሌሎቹ መሃል ላይ የቀሩ። ይቺ የምትጽፈው ደግሞ የረጅሙ ልጄ ልጅ ሆና በኔ ወጥታለች። ስትሰፈር እጅ ተንቀጥቅጦ ነው እንግዲህ። አትኮሳተሪ፣ ጻፊ።

ልጁን ስሸኘው በሰፊው በር ላይ ቆሜ «የነገርኸኝን ለሰው አልነግርም» አልሁት። «አንተም አትንገር። ፍየሏ ትሁን።» ሳቀና እሺ አለ።

ዓመት ሳይሞላ አበልጄ መጣች። እሳት ልትጭር አይደለም፣ እሳት ቤቷ አለ። ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ ጥጃዬን አመሰገነች፣ ዝናቡን አማችው። በመጨረሻ፦

«ጊደሬ ኮርማ ፈልጋለች» አለችኝ። «ገና ልጅ ናት፣ ዳሌዋ አልሰፋም። ፈራሁላት። እስቲ ያቺን ፍየልሽን አውሺኝ።»

አየኋት። ወንዝ ዳር ያለችኝን ልመልስላት ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ጺም ያላት ፍየሏ ናት፣ እንዳትሳሳቺ ልላት ነበር። ግን ዐይኗን አየሁ። ጥር ላይ እኔ የፈራሁበትን ዐይን ነው ያየሁት።

«ፍየሏን ውሰጂያት» አልኋት። «ግን ስሚኝ አበልጅ። ልጁ ሲመጣ ትልቁን ነው ትንሹን ብሎ ይጠይቅሻል። ያን ጊዜ ማንም አጥር ላይ ቢቆም፣ ማንም ቢስቅ፣ ትንሹን በዪ። ገባሽ? ትንሹን።»

ብዙ አየችኝ። አበልጄ ሞኝ አይደለችም።

«ትንሹን ካልሁ ፍየሏ ምን ታረጋለች ታዲያ?» አለች።

«ትቁም፣ ምን ትጎዳለች።»

ገመዱን ያዘች። ፍየሏ ፉርሽካዋን ጥላ አልሄድም አለች፣ እየጎተተች በሰፊው በር አወጣቻት። መንገድ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

«ባሌንስ ምን ላርገው?» ብላ ጮኸችብኝ። «እሱም ይጎንበስ?»

«ኧረ ያንቺማ አጭር ነው» አልኋት፣ «እንደቆመ ይግባ።»